ዘጠኝ በአሥር

ቤት በቀየርንበት ቀን ዕቃ ከሚጭኑት ወጣቶች አንዱ ከአልጋዬ ሥር ያገኘውን የዘይት ጀሪካን በአንድ እጁ ሊያነሣ ሞክሮ አልነሣ ሲለው፣ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ሲሚንቶ ነው?» አለኝ። ሲሚንቶ አልነበረም፤ ሳንቲም ነበር። አንገቱ በቢላዋ የተቆረጠ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ከጎኑም ሌላ መሰሉ፣ ሁለቱም እስከ አፋቸው ሞልተው ነበር። ማታ ማታ ልብሴን ስቀይር ከኪሴ የሚራገፈውን ሁሉ ለዓመታት ስጥልባቸው ኖሬ፣ አንድ ቀን ከዚያ መውጣት እንዳለባቸው አስቤው አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ግን አስባበት ኖሯል፤ «ወይ ወደ ባንክ፣ ወይ ለቆራሌው» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ።

ስለዚህ ሳንቲሞቹን ያለ ምንም ቅናሽ፣ ብሩን በብር፣ ወደ ወረቀት ገንዘብ ለመለወጥ ተነሣሁ። ብዙውን ተሳክቶልኛል፤ አንዲት ሳንቲም እንኳ አልተቀነሰብኝም። ሲከነክነኝ የከረመው ግን አለመቀነሱ ነው። ያልከፈልሁትን ክፍያ ሌላ ሰው እንደ ከፈለልኝ የገባኝ ዘግይቶ ነበርና፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ባሰፍረው ሐሳቤ ይጠራልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

አንበሳና ሚዛን

ማጠራቀም የጀመርሁት ባለ 1 ብሩ ሳንቲም በወጣ ሰሞን፣ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዙሪያውና መሐሉ ቀለሙ የሚለያይ፣ ከፊቱ አንበሳ ከጀርባው ሚዛን ያለበት፣ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ የሚታወቅ አዲስ ነገር ስለ ነበር፣ ለታክሲ ረዳት መስጠቱ ያሳሳኝ ነበር። በኋላ ባቡሩ መጣ፤ በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ትኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበርና ለገሃር ላይ ባለ 10 ብር ሰጥቼ የምቀበለው መልስ ሁሉ ወደ ጀሪካኑ ገባ። በመስከረም 2013 ደግሞ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች ተቀይረው ባለ 200 ሲወጣ፣ ሕዝቡ በተሰጠው የሦስት ወር ጊዜ አሮጌውን ለመለወጥ በየባንኩ ደጃፍ ሲሰለፍ፣ እኔ ሳንቲም ያልተነካ በመሆኑ ጀሪካኖቼን እንደ ብልህ ሰው እያየሁ ፈገግ ብዬ ነበር።

ብልህነቴ ብዙም የሚያስመካ አልነበረም። 2003 ሲገባ አንድ ዶላር በባንክ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ስትገባ ዳቦ ትገዛ የነበረችው ብሬ ከአልጋዬ ሥር ሳትነቃነቅ ተኝታ ሳለ አብዛኛው አቅሟ ተኖ አልቋል። ይህን እያወቅሁ በኋላ በመቶ 10 ብር ልቀነስ ነው ብዬ እንዴት እንዳበድሁ ሳስበው ራሴን ይገርመኛል። ሰው በዓይኑ ፊት የሚቆረጥበትን አሥር ብር እንጂ፣ ሲተኛ የሚተንበትን መቶ ብር አይቆጭበትም መሰለኝ።

ቆጠራውን ከዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ጋር ምንጣፍ ላይ አንሶላ ዘርግተን ጀመርነው። ልጄ ከመቁጠሩ ይልቅ ማየቱን ወደደች። ባለ 10 ሳንቲሙ ላይ ያለውን ኒያላ «ፍየል» አለችው፤ አረምኋት። ስሙኒው ላይ እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉትን ወንድና ሴት አይታ «ምን ተደስተው ነው?» ስትለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ። ከአንበሳው ግርጌ የተጻፈው ቁጥር መሆኑን ስነግራት አላመነችኝም፤ ግእዝ አኃዝ በትምህርት ቤት ገና አልደረሱበትም። ፲፱፻፷፱ን ጣቷን እያስከተለች ካነበብሁላት በኋላ «ይሄ ሳንቲም ካንተ ይበልጣል ማለት ነው?» ብላ በአክብሮት ለብቻው አስቀመጠችው። ብዙ ሳይቆይ ለብቻቸው የሚቀመጡት አንቱ የሚባሉ ሳንቲሞች በረከቱና መከባበሩን ትተን ወደ ሥራችን ተመለስን።

ሁለት ማታ ፈጅቶብን የደረስንበት ይህ ነው፦ ባለ 1 ብር 2,846፣ ሽልንግ 1,312፣ ስሙኒ 904፣ ባለ 10 ሳንቲም 417፣ ባለ 5 ሳንቲም 203። በፍሬ 5,682፣ በገንዘብ 3,779 ብር ከ85 ሳንቲም። ባለ 1 ብሮቹን መቶ መቶ እያደረግን በፌስታል ቋጠርናቸው፤ የጣቶቻችን ጫፍ ጠቆረ፤ ሽታውም በሳሙና ታጥበን እስከ ማግስቱ አልለቀቀንም።

አንድ ቢጎድል

ሳንቲሙን ጎማ ባለው ሻንጣ ጭኜ ወደ ብሔራዊ ቴያትር አካባቢ ወረድሁ። ባንክ እንደዚያ ሰፈር የተደረደረበት የለም፤ የብሔራዊ ባንክም፣ ከከተማው በላይ የቆመው የንግድ ባንክ ሕንፃም እዚያው ናቸው፤ ስለዚህ አንዱ እምቢ ቢለኝ ሌላው አለ ብዬ ነበር። የእግረኛው መንገድ ላይ ክብደት የሚመዝን ልጅ አየሁና፣ ባልተቋቋምሁት ጉጉት ሻንጣውን አቅፌ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፤ ከዚያም ሻንጣውን አውርጄ ብቻዬን ወጣሁ። ልዩነቱ 33 ኪሎ ነበር። ልጁ በትዕግሥት ከጠበቀኝ በኋላ «አምስት ብር ነው ጋሼ፤ ዝርዝር ካለዎት ደስ ይለኛል» አለኝ። ሻንጣው ውስጥ 5,682 ፍሬ ዝርዝር ተኝቶ፣ ቆጠራዬ እንዳይበላሽብኝ ከኪሴ ባለ 5 ብር ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት በዚያች ሠላሳ ሜትር መንገድ ላይ ያለ ማብራሪያ ገባኝ። እነዚህ ሳንቲሞች በ5,000 ሰው ኪስ ውስጥ ቢሆኑ ማንም አይከብዱትም ነበር። የከበዱት እኔ አንድ ቦታ ስለ ሰበሰብኋቸው ነው።

የገባሁበት ቅርንጫፍ ስሙ አይጠቅምም፤ ሌላውም ቢሆን የተለየ መልስ የሚሰጠኝ አይመስለኝም። ገንዘብ ተቀባይዋ ወጣት ናት፤ ሻንጣውን ስከፍት ፊቷ ላይ የታየው ንዴት አልነበረም፤ ሰዓቱ አልሄድ ያለው ሰው ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት የሚያይበት ዓይነት አስተያየት ነበር።

«ቆጥረውታል?» አለችኝ።

«ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።»

«እኔም መቁጠር አለብኝ እኮ። ማሽኑ የወረቀት ነው። ይሄን በእጄ ቆጥሬ ማታ ሒሳብ ስዘጋ አንድ ቢጎድል ከእኔ ነው የሚሞላው።»

ከኋላዬ የቆመው ሰልፍ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። በማግስቱ ስመለስ የተቀበሉኝ ኃላፊ ደግሞ ማስቀመጫ ቦታቸው መጣበቡን ነግረውኝ፣ በቀን ከ200 ፍሬ በላይ ሊወስዱልኝ እንደማይችሉ በትሕትና አስረዱኝ። እዚያው ቆሜ በልቤ አካፈልሁት፤ 29 ቀን ይወጣዋል። ቅናሽ የለውም፤ ክፍያም የለውም፤ 29 ጊዜ መጥቼ 29 ጊዜ መሰለፍ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ለታክሲ የማወጣውን ሳሰላው ከስሙኒዎቹ ድምር በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በዚያ ሰዓት ተቆጥቼ ወጥቻለሁ፤ አሁን ግን የልጅቱ ቃል ነው የቀረኝ። ሳንቲምን የመቀበል ጣጣው ከብረቱ ይልቅ ቆጠራው ነው፤ ቆጠራውም ጊዜ ብቻ ሳይሆን ኃላፊነት ያስከትላል። የቆጠረ ሰው «ልክ ነው» ብሎ ፈርሟል ማለት ነውና፣ ቢጎድል ከእሱ ነው። ባንኩ ያለ ክፍያ እቀበላለሁ የሚለው የቆጠራውን ሸክም በልጅቱ ትከሻ ላይ አድርጎ ነበር፤ ኃላፊውም በራሳቸው መንገድ ሸክሙን በ29 ቀን ሰልፍ ቀይረው ወደ እኔ መለሱት።

ማስቲካ

አራት ኪሎ አካባቢ የምገበያይበት ሱፐርማርኬት አለ። እዚያ ሰባት ብር መልስ ካለህ አምስቱን ብር ይሰጡህና የቀረውን በማስቲካ ያሟሉልሃል፤ «ዝርዝር ስለሌለን ነው፣ ይቅርታ» ይላሉ። ልጄ ይህን የማስቲካ ገንዘብ ከሁሉም ገንዘብ አብልጣ የምትወድ ቢሆንም፣ እኔ ግን በልቤ ስቆጥርባቸው ኖሬአለሁ። እንግዲህ ዝርዝር የቸገራቸው ሰዎች ናቸውና ሻንጣዬን ሳይ ዘመድ የመጣላቸው ያህል ይደሰታሉ ብዬ ሄድሁ።

ሥራ አስኪያጁ በእርግጥ ተደስቶ ነበር። «እንወስደዋለን» አለኝ። ከዚያ «በመቶ ብር አሥር ብር ይቀነሳል» አለ።

«ዝርዝር የለንም እያላችሁ ማስቲካ የምትሰጡን እናንተ አይደላችሁ?»

«አዎ፤ ግን ይሄ በዝቷል» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር።

378 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ድህነት ላይ አይጥለኝም፤ ነገር ግን ሳንቲም የለኝም ብሎ የቀነሰብኝ ሰው፣ ሳንቲም ሳመጣለት ደግሞ አመጣህ ብሎ ሊቀንስብኝ ነው። ለከተማችን «ዝርዝር» የሚለው ቃል ጮክ ብሎ የሚጠራ ቃል ነው፤ ረዳቱ ይጮኸዋል፣ ሱቁ ይለጥፈዋል፣ ሰው ሲገናኝ «ዝርዝር አለህ?» ይባባላል። ተቃራኒው፣ ዝርዝሩን ጠቅልሎ ድፍን ማድረግ፣ ግን ድምፁ እንኳ የማይሰማ ጉዳይ ነው። ሻንጣዬን እየጎተትሁ ወደ ቤት ተመለስሁ።

መፍትሔውን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ እሷም እንደ መፍትሔ አልነገረችኝም፤ በጨዋታ መካከል «አንተ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳንቲም የሚሸጡትን አላየህም?» ነበር ያለችው።

በ23፣ ጊዮርጊስ

አይቻቸዋለሁ፤ ግን አላስተዋልኋቸውም። ፒያሳ ጊዮርጊስ፣ በ23፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ስደርስ ከቅጥሩ ውጭ አምስት ወይም ስድስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊታቸው ማዳበሪያ ዘርግተው ባለ 1 ብሩን በትንንሽ ቁልል ደርድረውታል። እኔ የተጠጋኋቸው በጨርቅ የተሸፈነ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ያወረዱ እናት ናቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚገባ ሰው ባለ 10 ብር ይሰጣቸዋል፣ እሳቸው አንድ ቁልል አንሥተው መዳፉ ላይ ያፈሱለታል፣ ሰውየው ሳይቆጥር ለነዳያኑ እያደለ ይገባል። አንዲት ወጣት 50 ብር ሰጥታ አምስት ቁልል ስትወስድ ነው ቁልሎቹ ልክ ያልመሰሉኝ። ዝቅ ብዬ አንዱን በዓይኔ ቆጠርሁት። ዘጠኝ ነው። ሁሉም ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ናቸው።

«እማማ፣ ሳንቲም ይገዛሉ?» አልኋቸው።

ሻንጣውን አዩ። «ስንት ነው?»

ነገርኋቸው። አልደነገጡም። «ሁሉንም ዛሬ አልችልም፤ የአንድ ሺህ ብሩን አምጣ» አሉና ከጎናቸው ያለውን ባዶ ማዳበሪያ ገልብጠው ዘረጉ። ሻንጣውን ስከፍት ወደ አፉ ጎንበስ ብለው አዩና፣ የባንኳ ልጅ ያላየችውን ነገር አዩ፤ «ባለ አምስቱንና ባለ አሥሩን ለይተህ መልስ፤ ለማኝም አይቀበለውም። ስሙኒውም አልፎበታል። ብሩንና ሽልንጉን እወስዳለሁ።»

ፌስታሎቼን በኩራት አቀበልኋቸው፤ መቶ መቶ ተቋጥረዋል፣ ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል አልኋቸው። «ጎበዝ» አሉኝና የመጀመሪያውን ፈትተው ማዳበሪያው ላይ ዘረገፉት። ከዚያ ቆጠሩ። በሕይወቴ እንዲህ ሲቆጠር አይቼ አላውቅም፤ ሁለት ጣታቸውን ሳንቲሞቹ ላይ ያሳርፉና አምስቱን በአንድ ጊዜ ወደ ጉልበታቸው ይስባሉ፤ ከንፈራቸው «አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት» ይላል እንጂ ድምፅ የለውም፤ መቶ ሲሞላ ከኪሳቸው አንዲት ጠጠር አውጥተው በስተቀኝ ያስቀምጣሉ። በመካከሉ የሚመጣውን ባለ 10 ብር ይቀበላሉ፣ ቁልል ያነሣሉ፣ «ጊዮርጊስ ይስጥህ» ይላሉ፣ ወደ ቆጠራው ሲመለሱ ያቆሙበትን ቁጥር አይስቱም። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጫፍ እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሯል።

ስድስተኛው ፌስታል ላይ ቆም አሉ። እንደገና ቆጠሩት። «ዘጠና ዘጠኝ ነው» አሉኝ። አፈርሁ፤ አንዲት ብር ጨመርሁ። ዘጠነኛው ላይ ደግሞ አንዷን ሳንቲም ነጥለው በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ እኔ ዘረጉ። «ይቺ ትርፍ ናት። ልጅ ነው አብሮህ የቆጠረው?» የልጄ ስሕተት መሆኑን እንዴት እንዳወቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የእኔም ሊሆን ይችል ነበር።

አሥሩ ጠጠር ሲሞላ ከጉያቸው ቋጠሮ ፈትተው አምስት ባለ 200 ኖት ቆጠሩልኝ። ሙሉ አንድ ሺህ ብር። ድርድር ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም በመቶ አምስት ብር ቢቀንሱ እሺ ልል ወስኜ ነበር የሄድሁት።

«ለእርስዎስ? ምንም አይቀንሱም?»

«ምን ልቀንስብህ? አንተ እኮ ያመጣህልኝ ነህ። እኔ የምወስደው ከሚፈልገው ነው» አሉና ነጠላ ለብሳ ወደ ቆመችው ሴት ዞሩ። «ለስንት ነው የኔ እናት?»

እዚያ ቆሜ የሴትዮዋን ባለ 10 ብር ሲቀበሉና ከእኔ ሳንቲሞች ውስጥ ዘጠኙን ሲቆጥሩላት አየሁ።

ሥራዬ ብዬ ከኋላቸው አጥሩን ተደግፌ ቆየሁ። ረፋዱ ላይ ሌላ ዓይነት ደንበኛ መምጣት ጀመረ፤ ከነዳያኑ አንዳንዶቹ የሰበሰቡትን በጨርቅ ቋጥረው መጥተው ያፈሱላቸዋል፤ እሳቸውም በዚያው አኳኋን አምስት አምስት እየሳቡ ቆጥረው፣ ሳይቀንሱ፣ በወረቀት ብር ይሰጧቸዋል። የገባው ሳንቲም ወዲያው ዘጠኝ ዘጠኝ ሆኖ ይደረደራል። ከቁልሉ ወደ መጽዋቹ፣ ከመጽዋቹ ወደ ነዳዩ፣ ከነዳዩ ወደ ማዳበሪያው፤ ሳንቲሙ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል እንጂ ከቅጥሩ ሃያ ሜትር አይርቅም።

የሥራ ዘመናቸው በቅዱሳን ቀን ነው የሚቆጠረው፤ በ7 ሥላሴ፣ በ17 እስጢፋኖስ፣ በ23 ጊዮርጊስ። ስለዚህ በ7 አራት ኪሎ ሄጄ የ1,300 ብሩን፣ በ17 ስታዲየም አጠገብ እስጢፋኖስ ሄጄ የቀረውን 1,202 ብር አስረከብኋቸው። በሦስቱም ቀን ቆጠሩ፤ በሦስቱም ቀን ፍሬ አልቀነሱብኝም።

ማን ከፈለው?

የመጨረሻውን ብር ተቀብዬ ከእስጢፋኖስ ወደ መስቀል አደባባይ ስወጣ ሙሉ ደስታ ይሰማኝ ነበር። ሱፐርማርኬቱን አሸንፌአለሁ፤ ባንኩንም አሸንፌአለሁ። ከዚያ በልቤ ማስላት ጀመርሁ፤ ይህ መጥፎ ልማዴ ነው። 3,502 ብር ሳንቲም ሰጥቻቸዋለሁ። ያንን ዘጠኙን በአሥር ሲሸጡት 3,891 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 389 ብር ነው። ይኸውም በአንድ ዙር ብቻ ነው፤ ሳንቲሙ ግን እንዳየሁት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዞር አንድዬ ያውቃል።

389 ብር። ሱፐርማርኬቱ ሊቀንስብኝ ያለው 378 ነበር። እኔ ልከፍለው እምቢ ያልሁት ክፍያ የትም አልጠፋም፤ በሻንጣዬ ተጭኖ ፒያሳ ድረስ ወጥቶ፣ ለምጽዋት ከኪሱ አሥር ብር ባወጣ ሰው ላይ አረፈ። መጽዋቹም ቢሆን አልከፈለውም፤ እሱ አሥር ብር ለማውጣት አስቦ አሥር ብር አውጥቷል። የጎደለው ነዳያኑ እጅ ላይ ነው። ከባንኩ ጀምሮ ማንም ያልፈለገው የቆጠራ ዋጋ እየተንከባለለ ወርዶ፣ ወደ ሌላ የሚያሳልፍበት ሰው በሌለው ሰው እጅ ላይ ቆመ።

እናትየዋን ልወቅሳቸው ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ብርድ ላይ ተቀምጠው፣ በሦስት ቀን ከ4,000 በላይ ፍሬ የእኔን ሳንቲም ብቻ አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ትርፏን ብር መልሰውልኛል። ባንክ በ29 ቀን ልሥራው ያለውን ሥራ ነው የሠሩት። ለእሱ 389 ብር በዝቷል የሚል ሰው ካለ ራሱ ተቀምጦ ይቁጠር። መጽዋቹም ትክክል ነው፤ አሥር ነዳይ ፊት በባለ 10 ብር ወረቀት ቆሞ ምን ያድርግ? ሳንቲም ስለሌለው ነው የሚገዛው። ሳንቲም የሌለው ደግሞ እንደ እኔ ያለ ሰው ከአልጋው ሥር በጀሪካን ስለ ቀበረው ነው።

ይህች የመጨረሻዋ ሐሳብ ናት እንቅልፍ የነሣችኝ። የጊዮርጊስ ቅጥር ፊት ለፊት ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ ቆመዋል፤ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው ብር ፓሪስ ላይ አስቀርጸው ቢያመጡም፣ ሕዝቡ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመተ ምሕረት የተጻፈበትን የማርትሬዛን ብር አልለቅም ብሎ እንዳስቸገራቸው ይታወቃል። ሰው የለመደውን ገንዘብ አይለቅም። እኔ ያልለቀቅሁት ግን ስለማምነው አልነበረም፤ ከኪሴ አውጥቼ ለረዳቱ ወይም ለሱቁ ለመቁጠር ስለ ሰነፍሁ ነው። በየማታው የዘለልኋት የአሥር ሰከንድ ቆጠራ ናት ተጠራቅማ 33 ኪሎ የሆነችው።

የተመለሰልኝ ስሙኒና ከዚያ በታች ያለው፣ 1,524 ፍሬ፣ 277 ብር ከ85 ሳንቲም፣ እስካሁን በአንደኛው ጀሪካን ውስጥ አለ። ልጄ ማባዛት ትማርበታለች። ባለቤቴ ስለ ቆራሌው ማንሣቷን አልተወችም።

በሚቀጥለው ወር በ23 ልጄን ይዤ ጊዮርጊስ ሄድሁ። እናትየዋ አወቁኝ፤ ለልጄ «አንቺ ነሽ ቆጣሪዋ?» አሏት። ባለ 10 ብር ሰጠኋቸውና አንድ ቁልል አንሥተው በልጄ መዳፍ ላይ አፈሰሱት። ልጄ ወዲያው ቆጥራ ቀና አለች፤ «አባ፣ ዘጠኝ ነው»። «ልክ ነው» አልኋት። ግራ ገብቷት ወደ ሴትዮዋ አየች፤ እሳቸው ሳቅ ብለው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ።

በአጥሩ ጥግ ከተደረደሩት ነዳያን ከአንደኛው ጀምራ አንዳንድ ብር እያደለች ሄደች። ዘጠነኛዋን ለአንዲት አሮጊት ሰጥታ እጇ ባዶ ሲቀር፣ ቀጥሎ የተቀመጡት ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ልጄ ዞራ እኔን አየችኝ። ኪሴን ዳበስሁ፤ ያለኝ ባለ 50 ብር ኖት አንድ ብቻ ነው። አውጥቼው ይዤው ቆምሁ።

ሽማግሌው ኖቱን አዩና የተዘረጋ እጃቸውን ሰብስበው ከጎናቸው ያለውን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ።

«ልዘርዝርልህ ልጄ?» አሉኝ።